ተክለሃይማኖት የሚለው ስም ከጻድቁ ነው ከንጉሡ?

የማርቆስ ልጅ፦ ትናንት ሬዲዮ ላይ አንድ እንግዳ "ጎጃም ውስጥ ተክለሃይማኖት የሚለው ስም ከንጉሡ የወረደ ነው" ሲል ሰምቼ ደሜ ፈላ። ራስ አዳል እኮ በ1873 አፄ ዮሐንስ ሲያነግሷቸው ነው ንጉሥ ተክለሃይማኖት የተባሉት፣ እሳቸውስ ከየት አመጡት? ከጻድቁ ከአቡነ ተክለሃይማኖት ነዋ!

ዳሞት፦ ሰውየው ምን አጠፋ? ማርቆስ ትምህርት ቤቱ ሳይቀር በንጉሡ ስም ነው። አባቶቻችን ንጉሣቸውን ወደው ልጃቸውን በስማቸው ጠሩ፣ "የወረደ" ማለት ጻድቁን መካድ አይደለም

ባሶ ሊበን፦ የማን አባቶች? እኛ ጋ ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ ክርስትና ሲነሳ ቄሱ ናቸው ስም የሚያወጡለት። እናቴ ወንድሜን አለምነው እያለች ነው ያሳደገችው፣ በወር በ24 በጻድቁ ቀን ጽዋው እኛ ቤት ሲደርስ ግን ድፎው ሳይቆረስ ተነስታ "ተክልዬ ልጄን አደራ" ትላለች እንጂ ንጉሡን ስታነሳ ሰምቼ አላውቅም

ዳሞት፦ ያ የክርስትና ስም ነው፣ እኔ የማወራው ስለ መጠሪያ ስም ነው

የቡልጋው፦ ጻድቁም ቢሆኑ የኛ ናቸው፣ ትውልዳቸው ቡልጋ። ፍስሐ ጽዮን ይባሉ ነበር፣ አደን ወጥተው ሳለ ነው ስማቸው የተለወጠው፣ ገድላቸውን አንብቡ። ትርጉሙም ሃይማኖትን የተከለ ማለት ነው

የቅኔ ቤት ልጅ፦ ኧረ ግዕዙን አታበላሹ! ሃይማኖትን የተከለ ቢሆን ተካሌ ሃይማኖት ይባል ነበር፣ ጸሐፌ ትእዛዝ እንደምንለው። ተክለ ሃይማኖት የሃይማኖት ተክል ነው አለቀ

የቡልጋው፦ ሃይማኖት አልተከሉም ነው የምትለው?

የቅኔ ቤት ልጅ፦ እሱን ማን አለ? ስለ ስሙ ነው ያወራሁት

የቡልጋው፦ ለማንኛውም ንጉሣችሁን ምኒልክ እምባቦ ጦርነት ላይ ማርከዋቸዋል

ባሶ ሊበን፦ እምባቦን ምን አመጣው አሁን? እኚሁ ንጉሥ አይደሉ እንዴ የጎጃምን ጦር ይዘው ከምኒልክ ጋር አድዋ የዘመቱት?

የማርቆስ ልጅ፦ ወደ ነገራችን እንመለስ። ጎንደር ላይ ከ1698 እስከ 1700 የነገሡት አፄ ተክለሃይማኖትስ ስሙን ከራስ አዳል ወረሱት? ዳሞት ይቺን መልስልኝ

ዳሞት፦ ጎንደር ሌላ ጎጃም ሌላ! የኔ አያት በንጉሡ ዘመን ነው የተወለዱት፣ ስማቸውም ተክለሃይማኖት ነው፣ በማን እንደተሰየሙ ደግሞ ካንተ ይልቅ ቤተሰቤ ያውቃል

ባሶ ሊበን፦ በስንት ቀን ነው የተወለዱት? 24 ከሆነስ?