ለተማሪዎች ኢሜይል በድረ ገጽ በኩል በራሱ እንዲከፈት፤ ሰርቨሩን ሳላጋልጥ እንዴት?

የጠባሴዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ ኮሌጅ አይቲ ክፍል ነው የምሠራው። የኢሜይል ሰርቨራችን ኡቡንቱ (ሊኑክስ) ላይ ፖስትፊክስ (ኢሜይል አመላላሹ) እና ዶቭኮት (ተማሪው ሳጥኑን የሚከፍትበት) ነው። መስከረም በመጣ ቁጥር ሬጅስትራር የአዲስ ተማሪዎችን ዝርዝር በኤክሴል ይልክልኛል፤ እኔ ተርሚናል ላይ ተጥጄ አንድ በአንድ እከፍታለሁ። ጣቴ አለቀ! አሁን እነሱ ራሳቸው ዝርዝሩን ጭነው እንዲከፍቱ በፒኤችፒ ገጽ ጀምሬያለሁ። ገጹ በሼል (የሊኑክስ ትእዛዝ ተቀባይ) በኩል «ሱዶ ዩዘርአድ» ያስኬዳል፤ ማለትም በአስተዳዳሪ ሥልጣን የሊኑክስ ተጠቃሚ ይከፍታል። ለዚህ ስል ዌብ ሰርቨሩ ያለ ፓስወርድ ሱዶ እንዲጠቀም ፈቅጄለታለሁ። ይሠራል፤ ግን ሆዴን ፈራ ፈራ አለው። ምን ትላላችሁ?

ጣርማበር፦
እህቴ፣ ሆድሽ ልክ ነው። ያንን የሱዶ ፈቃድ ዛሬውኑ አንሺው። አንዱ ስም መጻፊያው ላይ ሴሚኮለን አድርጎ ሌላ ትእዛዝ ቢቀጥልበት ሼሉ ያስኬደዋል፤ «ሱዶ» ብሎ ከጀመረውማ በሩት (በማሽኑ ዋና አስተዳዳሪ) ሥልጣን። የገባውን ጽሑፍ ማጣራት ይረዳል፤ ግን ገጹን የሰበረ ሁሉ ማሽኑን እንደወሰደ ቁጠሪው።

ደግሞስ ኢሜይል ብቻ ለሚፈልግ ተማሪ የሊኑክስ ተጠቃሚ ምን ያደርግለታል? ፖስትፊክስም ዶቭኮትም ተጠቃሚዎችን ከማይኤስኪውኤል ዳታቤዝ ሠንጠረዥ ማንበብ ይችላሉ፤ ቨርቹዋል ተጠቃሚ የሚባለው ነው። ያኔ አካውንት መክፈት ማለት ሠንጠረዡ ላይ አንድ ረድፍ መጨመር ብቻ ነው። ሼል የለ፣ ሱዶ የለ። ገጹ የሚጠቀምበት የዳታቤዝ ተጠቃሚም እዚያች ሠንጠረዥ ላይ ማስገባት ብቻ ይፈቀድለት፤ መሰረዝም መለወጥም አይችል። የገባው ጽሑፍ እንደ ትእዛዝ እንዳይነበብ በፕሪፔርድ ስቴትመንት አስገቢው።

ሞረት፦
ነባሮቹን አካውንቶች ወደ ሠንጠረዡ ማዛወር ጊዜ ከወሰደብሽ፣ ገጹ ጥያቄውን ወረፋ ሠንጠረዥ ላይ ጽፎ ይተው። በክሮን (ሥራን በየሰዓቱ በሚያስነሳው የሊኑክስ መሣሪያ) የሚነሳ ሌላ ስክሪፕት እያንዳንዱን ስም አጣርቶ ይክፈት። ገጹ ከግቢ ኔትወርክ ውጭ አይታይ፤ በኤችቲቲፒኤስ ይሁን፤ ማን መቼ ምን እንደከፈተ ሎግ ይያዝ።

አንኮበር፦
ለምን ትደክማላችሁ? ጎግል ለትምህርት ተቋማት የሚሰጠውን ነፃ ወርክስፔስ ጠይቁ። የሲኤስቪ ፋይል (በኮማ የተለያየ ዝርዝር) ጭነሽ ሁሉንም ባንዴ ትከፍቻለሽ፤ በራሳችሁ ዶሜይን።

የጠባሴዋ፦
አለቆቼ «ሰርቨሩ ከእጃችን አይውጣ» ብለዋል፤ እሱን ትቼዋለሁ። የጣርማበርን መንገድ ልያዝ። ግን የስሙ ነገርስ? ፀሐይን አንዱ በቲኤስ ይጽፈዋል፣ ሌላው በኤስ ብቻ። እስከ አባት ስም የሚገጣጠሙም ሞልተዋል።

ሸዋሮቢት ቆላ፦
በስም አትክፈቺ፤ በመታወቂያ ቁጥር ክፈቺ። ስሙን በአማርኛ ፊደል እንዳለ ማሳያ ስሙ ላይ አድርጊው፤ ተቀባዩ የሚያየው እሱን ነው። ኤክሴል ግን ሁለት ነገር ያበላሽብሻል። ከፊት ያለውን ዜሮ ይቆርጣል፤ ስለዚህ የቁጥሩን ዓምድ አስቀድመሽ «ቴክስት» አድርጊው። ሲኤስቪውንም ዩቲኤፍ 8 (የአማርኛን ፊደል በሚይዘው ኮድ) ብለሽ ካላስቀመጥሽ የአማርኛው ስም ጥያቄ ምልክት ብቻ ሆኖ ይመጣል።

አድራሻው ሠንጠረዡ ላይ የማይደገም ይሁን። መሃል ላይ መብራት ጠፍቶ ዝርዝሩ ቢቋረጥ ያንኑ ፋይል ደግመሽ ትጭኛለሽ፤ የተከፈተውን ዳታቤዙ አልቀበልም ይላል፣ የቀረው ይገባል። መብራት መቼም ይጠፋል። ፖስትማስተር፣ አቢዩዝ፣ ሩትና አድሚን የሚሉትን ስሞች ደግሞ ማንም እንዳይከፍታቸው ዝጊ።

የጠባሴዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ፓስወርዱን የልደት ቀን ባደርገውስ? ተማሪው አይረሳውም።

ጣርማበር፦
አይሆንም! የልደቱን ቀን ዶርሙ ሁሉ ያውቀዋል። ገጹ ለእያንዳንዱ የተለያየ የዘፈቀደ ፓስወርድ ይፍጠር፤ ሠንጠረዡ ላይ በቢክሪፕት (ወደ ኋላ በማይፈታ መንገድ) ተመስጥሮ ይግባ። ፒኤችፒ የሚያወጣውን ቢክሪፕት ዶቭኮት ያነበዋል። ያልተመሰጠረው ፓስወርድ አንዴ ታትሞ በብጣሽ ወረቀት ለተማሪው በእጁ ይሰጥ፤ ፋይሉ ይጥፋ። በፖስትፊክስና በዶቭኮት ብቻ የመጀመሪያ ቀን ፓስወርድ አስቀይሮ ማስገባት አይቻልም፤ መቀየሪያውን በዌብሜይሉ (ኢሜይል በድረ ገጽ በሚነበብበት) በኩል ክፈቺላቸው። ራውንድኪዩብ ከሆነ የፓስወርድ ፕለጊን አለው።