ሪድ ከርነል ውስጥ የሚፈጀውን ጊዜ በትክክል እንዴት ልለካ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሊኑክስ ላይ የሚሠራ ሰርቪስ አለኝ፤ አልፎ አልፎ ይንቀራፈፋል። ሪድ የሚባለውን ሲስተም ኮል (ፕሮግራሙ ዳታ ለማንበብ ለከርነሉ፣ ማለትም ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት፣ የሚያቀርበውን ጥሪ) ጠርጥሬአለሁ። ስትሬስ በሚባለው የሲስተም ኮል መከታተያ መሣሪያ ልለካው ስል ግን ሰርቪሱ ጭራሽ ተጎተተ። የትኛውን ቁጥር ልመን?

መልስ 1፦ ወንድሜ፣ የስትሬስን የጊዜ ቁጥር እዚህ ላይ አትመነው። ፕሮግራሙ ከርነል ውስጥ ሲገባ አንዴ፣ ሲወጣ ደግሞ አንዴ ያስቆመዋል። ሪድ በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ ከተጠራ ይሄ ይከመራል። የትኞቹ ኮሎች እንደሚጠሩ ለማየት ግን በጣም ጥሩ ነው።

ለጊዜ ቢፒኤፍትሬስ የሚባለውን ከርነል ውስጥ ሆኖ የሚለካ መሣሪያ ተጠቀም። የሪድ መግቢያና መውጫ ላይ ትሬስፖይንቶች (ከርነሉ ውስጥ የተዘጋጁ የመከታተያ ነጥቦች) አሉ። ሲገባ ሰዓቱን በናኖሰከንድ መዝግብ፤ ሲወጣ ልዩነቱን አስላና መዝገቡን አጥፋ። ታዲያ የምትመዘግበው በትሬድ (ፕሮሰሱ ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄድ የሥራ መስመር) መለያ ይሁን፣ በፕሮሰስ መለያ እንዳይሆን! ሁለት ትሬዶች እኩል ሪድ ውስጥ ከገቡ አንዱ የሌላውን ሰዓት ይደመስሳል። እኔ በዚህ ሁለት ቀን ባክኖብኛል።

መልስ 2፦ መውጫው ላይ የመግቢያ ሰዓት መኖሩንም አረጋግጥ። ልኬቱን ስትጀምር ቀድሞ ሪድ ውስጥ የነበረ ትሬድ መግቢያው አልተመዘገበም፤ ከዜሮ ስትነሳ ግዙፍ የውሸት ቁጥር ይወጣልሃል። አማካይ አትውሰድ፣ ሂስቶግራም (በየጊዜ ርዝመቱ ስንት ጥሪ እንዳለ የሚያሳይ ግራፍ) አውጣ።

ጠያቂው፦ እግዜር ይስጥልኝ! ሁለት ጉብታ ወጣ። አንዱ ከ2 እስከ 4 ማይክሮሰከንድ፣ ሌላው ከ4 እስከ 8 ሚሊሰከንድ ነው። ሁለተኛው የዲስክ ነው?

መልስ 3፦ ሊሆን ይችላል፤ ግን ገና አትፍረድ። ፋይሉ ካሽ (ሜሞሪ ላይ የተያዘ ቅጂ) ውስጥ ካለ ሪድ ቶሎ ይመለሳል፤ ከዲስክ ከሆነ ይዘገያል። ሶኬት (ከሌላ ፕሮግራም ጋር የሚያገናኝ መስመር) ከሆነ ግን ሪድ ከወዲያ ማዶ ያለው እስኪልክለት ተኝቶ ይጠብቃል። ያ ጊዜ የከርነሉ ሥራ አይደለም። ፊውቴክስና ኢፖል ዌይት የሚባሉት የመጠበቂያ ሲስተም ኮሎችም ሰከንዶች ቢያሳዩህ በዚሁ ምክንያት ነው፣ አትደንግጥ።

ሂስቶግራሙን በፋይል ዲስክሪፕተር ቁጥር (እያንዳንዱ ክፍት ፋይል ወይም ሶኬት በሚለይበት ቁጥር) ከፋፍለው። ቁጥሩ የሚገኘው መግቢያው ላይ ብቻ ስለሆነ ከሰዓቱ ጋር አብረህ ያዘው። ትሬዱ የተኛበትን ጊዜ ነጥለህ ማየት ከፈለግህ ደግሞ የስኬጁለሩን (ትሬዶችን በተራ የሚያሠራውን የከርነል ክፍል) ስዊች ትሬስፖይንት ጨምር።

ጠያቂው፦ ከፋፈልኩት። የሚሊሰከንዱ ጉብታ ሙሉ በሙሉ ከዳታቤዙ ጋር ከሚያገናኘው ሶኬት ነው። ፋይሎቹ በሙሉ ማይክሮሰከንድ ላይ ናቸው። እንግዲህ ከርነሉን ትቼ ወደ ኩዌሪዎቹ ልሂድ። ግን ፕሮግራሙ ሰዓት ለማወቅ ክሎክ ጌት ታይምን ደጋግሞ ይጠራል፤ ልኬቱ ላይ ለምን የለም?

መልስ 1፦ እሱ አብዛኛውን ጊዜ ከርነል ውስጥ አይገባም። ከርነሉ ቪዲኤስኦ የሚባል ኮድ በፕሮግራሙ ሜሞሪ ላይ ያስቀምጥለታል፤ ሰዓቱን እዚያው ያነባል። ስለዚህ ትሬስፖይንቱ አያየውም።