«ልዩ ልዩ 1,600 ብር»፦ የባለሙያ ሂሳብ ከተነገረን ሲበልጥ

የጎረቤቴ ሂሳብ የተጻፈው ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ ነው። የኮንዶሚኒየሟ መታጠቢያ ቤት ቧንቧ ግድግዳ ውስጥ እያፈሰሰ የታችኛውን ፎቅ ኮርኒስ አበላሽቶባታል። ቧንቧ ሠራተኛው መጥቶ አየና «እትዬ፣ ከነዕቃው 12,000 ብር ይጨርሰዋል» አላት። ሥራው ሲያልቅ ወረቀቱ 19,400 ይላል። ጭማሪው አራት መስመር ነው። ሴራሚክ ሰብሮ መመለስ 3,000፣ ሳራቺኔስካ (የውሃ መዝጊያ) ሁለት 1,600፣ ረዳት ሁለት ቀን 1,200፣ «ልዩ ልዩ» ደግሞ 1,600።

«ልክፈለው ወይስ ልጣላው?» ብላ መጣች። ሁለቱም አያስፈልግም። ድምሩን ትቶ መስመር በመስመር ማውራት ነው።

የሴራሚኩ ይከፈላል ባይ ነኝ። ግድግዳው ሳይከፈት የድሮው የብረት ቧንቧ እስከየት እንደበሰበሰ ማንም አያውቅም። ሰውዬው ግን ከመስበሩ በፊት ዋጋውን መናገር ነበረበት። ይህን ነገርነው፣ እሱም አመነ። ሳራቺኔስካው ሲቆጠር ግድግዳው ላይ ያለው አንድ ብቻ ነው። ሁለተኛው «መጠባበቂያ ነበር፣ ቦርሳዬ ውስጥ አለ» ሆነ። ቦርሳው ውስጥ ካለ የራሱ ነው፣ 800 ብር ወረደ። ረዳቱን በተመለከተ፣ ሥራን በቁርጥ፣ ማለትም በአንድ በተወሰነ ዋጋ የያዘ ሰው ረዳቱን የሚከፍለው ከራሱ ነው፣ 1,200 ብሩ ወጣ። በቀን ሒሳብ ቢሆን ኖሮ ሌላ ወሬ ነበር። «ልዩ ልዩ» የተባለው ሲዘረዘር ነጭ ሲሚንቶ፣ ቴፍሎንና ማጣበቂያ ሆኖ 500 ብር ላይ ቆመ። ቀሪው 1,100 ብር ስም አልተገኘለትም። በመጨረሻ 16,300 ብር ተከፈለ። ሰውዬው ሳያኮርፍ ተቀበለ፣ የሻይ ጠየቀ፣ እሷም ሰጠችው።

ይህ የሚሆነው ሁልጊዜ በማጭበርበር አይደለም። ብዙ ባለሙያ ሥራው እንዳያመልጠው ዝቅ አድርጎ ይነግርሃል፣ ከዚያ እየሠራ ያስተካክላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ አንድ ቦታ አልቆም ብሏል። ሴራሚክ፣ ሩቢኔቶ፣ የኤሌክትሪክ ገመድ፣ ብሬከር፣ ብዙው ከውጭ የሚገባ ወይም ከውጭ በሚመጣ ጥሬ ዕቃ የሚሠራ ነው። ከወር በፊት የተሰጠህ ግምት ዛሬ ባይሠራ አይግረምህ። ስለዚህ ግምት ስትቀበል «ይህ ዋጋ እስከ መቼ ይጸናል?» በል።

አሁን ወደ ንጽጽሩ። ባለሙያ የምንይዝባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው፣ ሂሳብ የሚያብጥበት ቦታም ይለያያል።

የኔ ምርጫ የእጅ ዋጋ በቁርጥ ነው። ዕቃውን ራስህ ትገዛለህ። ባለሙያው ዝርዝር ይጽፍልሃል፣ ተክለሃይማኖት ወይም መርካቶ ወርደህ ሁለት ሦስት ሱቅ ትጠይቃለህ፣ ደረሰኝህን ትይዛለህ። ጉዳቱ ድካሙ ነው። ዕቃ ባጠረ ቁጥር «ሁለት ክርን ቀርቷል» እየተባለ ስልክ ይደወልልሃል፣ አንተ እስክትመጣ ሥራው ይቆማል። ብዙ ሰው የሚወደው ግን ሙሉውን ከነዕቃው ማስያዝ ነው። የቢሮ ሠራተኛ ከሆንክ ይገባኛል። እንደዚያ ከሆነ የዕቃው ስምና ዓይነት ይጻፍ። «ጥሩ ቀለም» የሚባል ነገር የለም። የካዲስኮ ፋብሪካ ነው ወይስ የንፋስ ስልክ? ፕላስቲክ ነው፣ ኳርትዝ ነው ወይስ የዘይት? ስንት እጅ ይቀባል? ስቱኮው (ከቀለም በፊት ግድግዳ የሚለሰልስበት) አለበት? ይህ ካልተጻፈ በመሐል «ስቱኮ እኮ ለብቻው ነው» ትባላለህ፣ የመመለሻ መንገድ የለህም።

በቀን ማሠራት ለጥቃቅን ጥገና ካልሆነ አልመክርም። ፀሐይ ሲሞቅ ሻይ፣ ሲዘንብ እረፍት ነው፣ ቀኑ ደግሞ የሚቆጠረው ባንተ ላይ ነው።

በካሬ የሚሠሩት (ሴራሚክ፣ ጂፕሰም፣ ቀለም) ፍትሐዊ ይመስላሉ፣ ናቸውም። ችግሩ ልኬቱ ነው። ሜትሩን አብረህ ያዝ። የመስኮትና የበር ክፍት ቦታ ይቀነሳል ወይስ አይቀነስም? ዞኮሎስ (ግድግዳው ሥር የሚዞረው ጠባብ ሴራሚክ)? ዞኮሎ ብዙ ጊዜ በካሬ ሳይሆን በሜትር ለብቻው ይቆጠራል፣ ሰው የሚደነግጠው እዚያ ላይ ነው። ሴራሚክ ስትገዛ ደግሞ ለቆራጭና ለስባሪ ከ5 እስከ 10 ከመቶ ጨምረህ ግዛ። ይህ ብክነት ነው እንጂ ስርቆት አይደለም። ከዚያ በላይ ካለቀ ግን የተረፈውን ካርቶን አሳየኝ በል። ኤሌክትሪክ ሠራተኞች በፖይንት፣ ማለትም ገመድ በሚደርስበት ነጥብ ቁጥር ነው የሚሠሩት፣ ማብሪያውና ማጥፊያው ከመብራቱ ተለይቶ እንደሚቆጠር ወይም እንደማይቆጠር መጀመሪያ ጠይቅ።

ደረሰኝ የሚሰጥ ድርጅት በውድ ነው የሚጀምረው። ግን ሲጨርስም እዚያው አካባቢ ነው የሚጨርሰው። አንድ ነገር ብቻ፣ ዋጋው ከነቫቱ መሆኑን አረጋግጥ። 12,000 ብር ያለህ ሰው 15 ከመቶ ሲጨምርበት 13,800 ይሆናል፣ ማንም አላጭበረበረህም። እንደ ጉዳይኦን እና ታስክሞቢ ያሉ በስልክ ከባለሙያ የሚያገናኙ መተግበሪያዎችን በተመለከተ ደግሞ ሰውዬውን ማግኘት አንድ ነገር ነው፣ ዋጋ መስማማት ሌላ። ዋጋውን ጽፎ መስማማት ያው ያንተ ሥራ ነው። የዕቃ ዋጋ ለማጣራት ጂጂ የተባለው የመሸጫ ድረ ገጽና የሕንፃ ዕቃ ሻጮች የቴሌግራም ቻናሎች ይጠቅማሉ። ሂሳቡ ላይ ያለው ሩቢኔቶ ገበያ ላይ ስንት እንደሚሸጥ አሥር ደቂቃ ሳይፈጅ ታየዋለህ።

መኪና ላለው አንድ ነገር ልጨምር። ጋራዥ ስታስገባ «የወጣውን አሮጌ ዕቃ እፈልጋለሁ» በል። ተለወጠ የተባለው ዕቃ በእጅህ ካልገባ ስለመለወጡ ማረጋገጫ የለህም። መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ዕቃ ለመግዛት አብረህ መውረድ ከቻልክ ደግሞ ከዚያ የተሻለ የለም።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል እንደሚባለው፣ ጽሑፍ ሲባል ግን ጠበቃ ማለት አይደለም። ገጽ ያልሞላ ወረቀት ወይም አንድ የቴሌግራም መልእክት ይበቃል። ሕጉም ቢሆን ለአብዛኛው ውል የተለየ ፎርም አይጠይቅም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1731 ውል ለተዋዋዮቹ ሕግ ነው ይላል። የቃል ስምምነትም ስምምነት ነው። ችግሩ ሲካድ በምን ታስረዳለህ ነው። ለዚህ ነው ገንዘቡንም በእጅ ከመስጠት በባንክ ወይም በቴሌብር ማስተላለፍ የሚሻለው፣ ምክንያቱ ላይም «የመታጠቢያ ቤት ቧንቧ፣ የመጀመሪያ ክፍያ» ብሎ መጻፍ። ግማሹን ሲጀምር ስጥ፣ የተወሰነውን በመሐል፣ ቢያንስ አሥር ከመቶውን ደግሞ ውሃው ተለቆ ጥቂት ቀን ሳያፈስ ከቆየ በኋላ።

ሂሳቡ አብጦ ከመጣ በኋላስ? ያልተካደውን ወዲያው ክፈል። ይህን አጥብቄ ነው የምለው። ሙሉውን ከያዝክበት ሰውዬው ትክክለኛ ሥራውን ይዞ ተበዳይ ይሆናል፣ ዕቃውን ነቅሎ ሊሄድም ይችላል። የተስማማችሁበትንና ያመንከውን ጭማሪ ከከፈልክ ግን ክርክሩ በቀረችው ትንሽ ገንዘብ ላይ ብቻ ይሆናል፣ ለእሷ ደግሞ ማንም ብዙ አይጣላም። ካልተስማማችሁ ያገናኛችሁን ሰው ጥራ። አብዛኛው ባለሙያ በሰው በሰው ነው የሚመጣው፣ ያመጣው ሰው ፊት ማፈር ከክስ በላይ ይሠራል። ንግድ ፈቃድ ካለው ድርጅት ጋር ከሆነ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አለልህ፣ ቅሬታህን ወደ ንግድ ቢሮ መውሰድ ትችላለህ። መንገድ ዳር ቆሞ ለተገኘ ሠራተኛ ግን ይህ መንገድ ብዙም አያስኬድም።

ሥራ ከመጀመሩ በፊት የምልከው መልእክት ይህ ነው፣ እንዳለ ቅዳው፦

«ወንድሜ፣ በተስማማነው መሠረት ሥራው (የሥራው ዓይነት) ነው። ዋጋው (ይህን ያህል) ብር ሲሆን ረዳትና ትራንስፖርት በውስጡ ነው። ቫት አለበት / የለበትም። ያልታሰበ ነገር ከተገኘ ፎቶ አንስተህ ዋጋውን ንገረኝ፣ እሺ ሳልል እንዳትጀምረው። የዕቃ ደረሰኝ አስቀምጥልኝ። ከተስማማን እሺ ብለህ መልስልኝ።»

«እሺ» የምትለው መልስ ሳትመጣ ቀብድ አትላክ።