ለወንዴና ሴቴ ትከሻ፣ ለእንጨት ራስ እና ለማጠፊያ ማስቀመጫ፦ የቱ ትንሽ መላጊያ ይቅደም?

ሳቢያን እንጨት፦
ሰላም ሙያተኞች። ድሬዳዋ የዋንዛና የጥድ በርና መስኮት ነው የምሠራው። ያለኝ መላጊያ 4 ቁጥር ብቻ ነው። ሦስት ቦታ ላይ አልሆን ብሎኛል። የወንዴው (ሴቴው ቀዳዳ ውስጥ የሚገባው ጫፍ) ትከሻ ከቋሚው ጋር ሲገጥም ፀጉር የምታህል ክፍተት ይቀራል። የእንጨቱን ራስ ስልግ መጨረሻው ጠርዝ ይፈነቀላል። የማጠፊያ ማስቀመጫ በመሮ ሳወጣ ደግሞ ወለሉ እኩል አይመጣም። ታይዋን ገበያ ያገለገሉ ስታንሊ 60½ (በአንድ እጅ የሚያዝ ትንሽ መላጊያ) እና 92 (ጠባብ የትከሻ መላጊያ) አሉ። ገንዘቡ ለጊዜው ለአንዱ ነው የሚበቃው። የቱን ላንሳ? ስገዛስ ምኑን ልይ?

የከዚራ አናጺ፦
60½ን አንሳ ወንድሜ፣ ከሁለቱ በየቀኑ እጅህ የሚገባው እሱ ነው። ምላጩ የሚተኛው በ12 ዲግሪ ሲሆን የስለቱ ተዳፋት ወደ ላይ ነው። ስለዚህ በ25 ዲግሪ ስትስለው እንጨቱን የሚያገኘው በ37 ዲግሪ ነው። የ4 ቁጥሩ ምላጭ ግን ተዳፋቱ ወደ ታች ስለሆነ እንዴትም ብትስለው እንጨቱን የሚያገኘው በ45 ነው። ለእንጨት ራስ ዝቅ ያለው ይቀላል።

ጠርዙ የሚፈነቀለው ግን በመላጊያው ጥፋት አይደለም። የመጨረሻው ጭረት (የእንጨቱ ክር) ከኋላው የሚደግፈው ስለሌለ ነው፣ የትኛውም ውድ መላጊያ ይፈነቅለዋል። ከሁለቱም ጫፍ ወደ መሃል ላግ። ካልሆነ በስተኋላ ቁራጭ እንጨት እኩል አድርገህ በሞርሳ እሰርበት። ትርፍ ካለህ ደግሞ የኋላውን ጠርዝ አስቀድመህ 2 ሚሊ ሜትር ያህል በሰያፍ ላገው። ራሱን በእርጥብ ጨርቅ ማበስም ጭረቱን ያለሰልሰዋል።

ጁገል በር፦
በ60½ እስማማለሁ። የትከሻውን ክፍተት ግን 92 ብቻውን ያድነዋል የሚል ካለ አልስማማም። መጀመሪያ ክፍተቱ የት እንዳለ እይ። በሁለቱም ፊት ካለና ወንዴው ሥር ላይ ትከሻው ጎበጥ ካለ፣ የጥጉ ትራፊ ነው የሚያግደው። እሱን በመሮ ጠርገህ ማውጣት ይበቃል። ክፍተቱ በአንድ ፊት ብቻ ከሆነ የፊትና የኋላ መስመሮችህ አልተገናኙም ማለት ነው። ምልክቱን በእርሳስ ሳይሆን በቢላ፣ ስኳድራውን ከአንድ ፊትና ከአንድ ጎን ብቻ እያስደገፍክ ዙሪያውን አዙረው።

ከዚያ 92 ተራው ይደርሳል። ስፋቱ 19 ሚሊ ሜትር ነው። ከመስመሩ ግማሽ ሚሊ ሜትር አስተርፈህ በመጋዝ ቁረጥ፣ የቀረውን በመላጊያው እስከ ቢላው ጭረት አውርደው። ትከሻም የእንጨት ራስ ስለሆነ ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው አትግፋ፣ ከሁለቱም ወገን ወደ መሃል። ምላጩ በዓይን በጭንቅ እስኪታይ ብቻ ይውጣ። ወፍራም ካወጣኸው ሲገባ ይነክሳል፣ ሲወጣ ይፈነቅላል።

አንድ ነገር ግን ከመላጊያ ውጭ ነው። ሐረር 1,885 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ድሬዳዋ 1,200 ገደማ። ከዚህ ወደ እናንተ የሚወርድ ዋንዛ ሙቀትና ደረቅ አየር ሲያገኘው ይኮማተራል፣ ጥብቅ ብሎ የገጠመው ትከሻም ይከፈታል። ስለዚህ ከታች ደገፍ፣ በመካከሉ አየር የሚያሳልፍ ጣውላ አድርገህ ወርክሾፑ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ሦስት ሳምንት አቆየው።

ስለት አዋቂዋ፦
ስትገዛ የምታየውን ልንገርህ። ብረቱ ስንጥቅ እንዳለው በተለይ አፉ (ምላጩ የሚወጣበት ቀዳዳ) ጥግና የጎን ግድግዳው ላይ እይ፣ ሲሚንቶ ላይ የወደቀ ብረት ከዚያ ነው የሚሰነጠቀው። ስንጥቅ ካለው ተወው። ከላይ ያለ ዝገት አያስፈራም፣ ምላጩ ጀርባ ላይ ስለቱ አጠገብ ጉድጓድ ያለው ዝገት ግን ምላጩን ያበላሻል። የምላጩን ጫፍ በደቃቅ ሞረድ ፋቀው፣ ሞረዱ ከተንሸራተተ ጠንካራ ነው፣ በቀላሉ ከነከሰው ለስላሳ። ሰማያዊ ቀለም ካየህበት በድንጋይ ሲሳል ግሎ ጥንካሬው ወጥቷል። አፉ የሚስተካከል መሆኑንም ፈትሽ፣ ሳይስተካከል ሰፊ ከሆነ ጭረቱ ፊት ለፊት ይገነጠላል።

92 ላይ ደግሞ ስኳድራ ይዘህ ጎኑ ከሆዱ (እንጨቱ ላይ ከሚሄደው የታች ፊቱ) ጋር 90 ዲግሪ መሆኑን እይ። እዚህ ላይ ከተሳሳተ ትከሻው ሁሉ ዘንበል ይላል፣ በሞረድ መጫወት አይቻልም። ምላጩም ከአካሉ ጋር እኩል ወይም እንጥፍጣፊ የሚሰፋ መሆን አለበት።

የሚጠበቅ ሌላ ነገር፦ ተዳፋታቸው ወደ ላይ በሆኑ መላጊያዎች የምላጩን ጀርባ ጠፍጣፋ ብቻ አድርገህ ተወው። ጀርባውን ብታዘነብለው ከእንጨቱ ጋር ያለው ክፍተት ይጠብና በደንብ አይቆርጥም። ጭረቱ የሚገለባበጥ ዋንዛ ሲያጋጥምህ ዘዴው ተዳፋቱን ማሳደግ ነው፦ በ38 ብትስለው ከ12ቱ ጋር 50 ዲግሪ ይሆናል። ይህን ለሁለተኛ ምላጭ አድርገው፣ ለእንጨት ራስ የምትጠቀምበትን በ25 ተወው።

ለመሳል የግድ ውድ ድንጋይ አያስፈልግም። ወፍራም መስተዋት ላይ 400፣ 1000 እና 2000 ቁጥር ውሃ የማይፈራ የብርጭቆ ወረቀት ለጥፍ፣ ጀርባውን አስቀድመህ የመጨረሻው 5 ሚሊ ሜትር እስኪያበራ አስተካክል። ጀርባው ካልበራ ተዳፋቱን ምንም ብትስለው ስለት አይመጣም።

ሳቢያን እንጨት፦
እህቴ፣ ግልጽ ነው። 92 ላይ ያየሁት ምላጭ ከአካሉ በግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ይጠባል። ይበላሻል?

ስለት አዋቂዋ፦
መሃል ላይ ካደረግከው አዎ፣ የወንዴው ግድግዳ አጠገብ ትንሽ ይቀራል፣ በየግፊቱም ደረጃ እየሠራ መላጊያው ከግድግዳው ይሸሻል። ምላጩን ግድግዳው ወዳለበት ጎን ገፍተህ ከዚያ በኩል ከአካሉ ጋር እኩል አድርገው። ሌላኛው ጎን ላይ ያለው ክፍተት አይጎዳም። ሁለቱንም ጎን የምትጠቀም ከሆነ ግን በዋጋው ላይ ተከራከር፣ ምላጭ መቀየር አለበትና።

የከዚራ አናጺ፦
አቦ፣ ለማጠፊያው የረሳነው ነገር አለ። ለእሱ ሁለቱም አይሆኑም። ትክክለኛው ስታንሊ 71 ዓይነት፣ ወለል የሚያስተካክል መላጊያ ነው፣ ሆኖም እዚሁ ይሠራል። 150 በ80 ሚሊ ሜትር የሚሆን ጠንካራ እንጨት፣ ውፍረቱ 30። መሃሉን የኤል ቅርጽ ያለው ባለ ስድስት ጎን የ8 ሚሊ ሜትር ቁልፍ ጠበቅ ብሎ እንዲገባ ብሳው፣ በጎን በብሎን አጥብቀው። የቁልፉን አጭር ክንድ 20 ሚሊ ሜትር ላይ ቆርጠህ ጫፉን ስለት አውጣለት፣ ከታች ያለው ፊቱ ከኋላ ትንሽ ከፍ ይበል። ተረከዙ ከነካ ጫፉ አይቆርጥም። ስትስለው ደጋግመህ ውሃ ውስጥ ንከር፣ ከገለ ይለሰልሳል።

አጠቃቀሙ፦ የማጠፊያውን ዙሪያ በቢላ ምልክት አድርግ፣ በመሮ አንድ ሚሊ ሜትር ሲቀር አቁም። መላጊያውን ከሁለቱም ጎን በማጠፊያው ቅጠሎች ላይ አሳርፈህ ምላጩን ጠረጴዛው እስኪነካ አውርድና አጥብቅ፣ ጥልቀቱ በትክክል የቅጠሉ ውፍረት ይሆናል። በአንድ ጊዜ ግማሽ ሚሊ ሜትር አትለፍ። የበሩ ጎን 40 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ መላጊያው ይዘነብላል፣ ስለዚህ ከጎኑ እኩል ከፍታ ያለው ጣውላ እሰርለት።

ጁገል በር፦
ጥድ ስታላግ ሙጫው ሆዱና ምላጩ ላይ ይጣበቃል። ነጭ ጋዝ በጨርቅ አርገህ ጥረገው፣ ሲደርቅ ሆዱን በሻማ ቀባ። ቀለም ወይም ቫርኒሽ የምትቀባው ፊት ላይ ሻማውን ቀንስ።