ዓይን ስር የሚደረግ ፊለር አስደርጋችሁ የምታውቁ ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ

የቦርከናዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እኔ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ነው የምሰራው፣ ብዙ ጊዜ የሌሊት ሽፍት ነው የሚደርሰኝ። ዓይኔ ስር ከአፍንጫዬ ጥግ ጀምሮ ጎድጎድ ብሎ ጠቁሯል፣ እንቅልፌን ጠግቤ ብነሳም ያው ነው፣ ያየኝ ሁሉ "አሞሻል እንዴ?" ይለኛል፣ እሱ ነው በጣም የሰለቸኝ። ኮንሲለር (ጥቁረት የሚሸፍነውን ሜካፕ) ስቀባ ደግሞ ቀትር ሳይደርስ ተሰነጣጥቆ መስመር ይሰራል። ቲክቶክ ላይ ፊለር የሚሉትን፣ ጎድጎድ ያለውን በመርፌ የሚሞሉበትን አይቼ ልቤ ከጀለ ግን ዓይን አጠገብ መርፌ ሲባል ፈራሁ። የወንድሜ ሰርግ ጥር ላይ ነው። እውነት ለውጥ አለው? በአላህ ያስደረጋችሁ ንገሩኝ

የጦሳ ልጅ፦
አብሽሪ እህቴ። እኔ አዲስ አበባ የቆዳ ሐኪም ጋ ነው ያስደረግኩት። ዶክተሯ ከመውጋቷ በፊት መስታወት አስይዛኝ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞረችው፣ ብርሃኑ ፊት ለፊት ሲመታኝ ጥቁረቱ ግማሹ ጠፋ። "የጠፋው የጉድጓዱ ጥላ ነው፣ እሱን ፊለር ይሞላዋል፣ የቀረው የቆዳሽ ቀለም ነው፣ እሱን አይነካውም" አለችኝ። ልክ እንዳለችው ሆነ፣ የድካሙ ነገር ሄዷል ጥቁረቱ ግን ትንሽ አለ። መጀመሪያ አብጦ በልዞ ነበር ስለዚህ ሰርጉ ሲደርስ እንዳታደርጊው፣ ቢያንስ ወር ቀደም በይ።

ነርሷ ደሴ፦
የኔ እህት መጀመሪያ ደምሽን ተመርመሪ፣ ደም ማነስም ፊትን አገርጥቶ ዓይን ስርን ያጠቁራል፣ አለርጂ ኖሮብሽ ዓይንሽን የምታሺ ከሆነም እንደዛው። ፊለሩን ከወሰንሽ ሃያሉሮኒክ አሲድ ከሚባለው ነገር የተሰራውን ብቻ፣ ምክንያቱም ቢበላሽ ሃያሉሮኒዴዝ በሚባል መድሃኒት ይሟሟል፣ ሌላው ዓይነት አይሟሟም። መድሃኒቱ እዛው ክሊኒኩ ውስጥ መኖሩን ጠይቂ፣ የለም ካሉሽ ተነስተሽ ውጪ። ቆዳው እዛ ጋ በጣም ስስ ስለሆነ ላይ ላዩን ከተወጋ ሰማያዊ መስሎ ይታያል፣ ውሃ ስለሚስብም የሚያብጥባቸው አሉ። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ፊለሩ ደም ስር ውስጥ ከገባ ነው፣ ብዙ ጊዜ አይደርስም ከደረሰ ግን ዓይን እስከማጥፋት ይሄዳል፣ ኃይለኛ ህመም ወይም ቆዳው መንጣት ወይም እይታ መደብዘዝ ካለ ነገ ሳይባል ወዲያው ነው መሮጥ። የአሜሪካ መድሃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ እንኳን ጁቬደርም ቮልቤላ የሚባለውን ፊለር ለዓይን ስር የፈቀደው በ2022 ነው። ነፍሰጡር ወይም አጥቢ ከሆንሽ ይቆይ። ውበት ሳሎን ውስጥ በፍጹም!!

ሰይድ፦
ነርሷ እውነቷን ነው፣ አዲስ አበባ ከመሄድሽ በፊት ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ቆዳ ክፍል ታዪ፣ እዚሁ አፍንጫችን ስር እያለ

የቦርከናዋ፦
አላህ ይስጣችሁ። በመስኮቱ ሞከርኩት፣ ቆዳውን በጣቴ ሳብ ሳደርገው ጥቁረቱ አብሮ ይሄዳል፣ የኔ ቀለሙ ይበዛል መሰለኝ። ሱቅ የገዛሁት ማቅያ ክሬም ላይ ክሎቤታሶል ይላል፣ ችግር አለው?

ነርሷ ደሴ፦
እሱን ዓይንሽ አጠገብ እንዳታደርሺው እህቴ። ጠንካራ ስቴሮይድ ነው፣ ቆዳውን ያሳሳዋል፣ ሲቆይ የዓይን ግፊትም ይጨምራል። ስትታዪ ቱቦውን ይዘሽ ሂጂና አሳዪያቸው፣ ከመቼ ጀምሮ እንደቀባሽም ንገሪያቸው።