የቃላት ትርጉም፦ «ፑዲንግ» ከኩላሊት ጋር ምን አገናኘው?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለንደን ውስጥ ስላለው ሩልስ ስለሚባለው ምግብ ቤት አንድ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ቶማስ ሩል የሚባል ሰው በ1798 ኮቨንት ጋርደን አካባቢ የከፈተው ቤት ነው። ሲጀምር ኦይስተር (ቅርፊት ያለው የባሕር እንስሳ) ይሸጥበት ነበር። ታሪኩን ጨርሻለሁ፤ የምግብ ዝርዝሩ ግን አስቸገረኝ። «ስቴክ ኤንድ ኪድኒ ፑዲንግ» ይላል። እኔ ፑዲንግ ስባል የሚመጣብኝ ጣፋጭ ነው። «ጌም ፓይ» የሚልም አለ። መጠጡ ላይ ደግሞ «ብላክ ቬልቬት»። እባካችሁ እርዱኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው ያመጣሽው። ፑዲንግ ድሮ ጣፋጭ ማለት አልነበረም። የእንስሳ አንጀት ወይም ጨጓራ ውስጥ ተሞልቶ የሚቀቀል ነገር ነበር። «ብላክ ፑዲንግ» ዛሬም ያንን ትርጉም እንደያዘ ነው፤ ደም፣ ስብና እህል አንጀት ውስጥ ተሞልቶ የሚበስል። ቆይቶ አንጀቱ በጨርቅ ተተካ። ከዚያ ጎድጓዳ ሳህን መጣ። ውስጡ ሥጋም ይገባል፣ ዘቢብም ይገባል፤ ስሙ ግን ያው ፑዲንግ ነው። ዛሬ እንግሊዞች ከምግብ በኋላ የሚቀርበውን ማንኛውንም ጣፋጭ ፑዲንግ ሊሉት ይችላሉ። ይሁን እንጂ የድሮው ትርጉም አልሞተም፤ ጎን ለጎን አብሮ ይኖራል።

ያንቺው ምግብ በሊጥ የተሸፈነ የበሬ ሥጋና ኩላሊት ነው። ሊጡ የሚሠራው ከዱቄትና ከሞራ ነው። ሳህኑ ይታሰርና ለሰዓታት በእንፋሎት ይበስላል። ስለዚህ እኔ ብሆን «ፑዲንግ» የሚለውን እንዳለ ትቼ፣ «በሊጥ ተሸፍኖ በእንፋሎት የበሰለ ሥጋና ኩላሊት» የሚል ማብራሪያ እጨምርበታለሁ። አንድ የአማርኛ ቃል ፈልገሽ ብትተኪው አንዱን ትርጉም ይዘሽ ሌላውን ትጥያለሽ።

ሌላ አባል፦ በመልሱ እስማማለሁ፤ «ሞራ» ላይ ብቻ ትንሽ ልጨምር። ሞራ ሆድ ዕቃውን እንደ መረብ የሚሸፍነው ስብ ነው። እንግሊዞች ሱዌት የሚሉት ግን በተለይ ኩላሊቱን የከበበውን ጠንካራ ስብ ነው። «የኩላሊት ስብ» ብትዪ ልክ ይሆናል።

መልስ፦ ትክክል ነህ፣ አመሰግናለሁ። የኩላሊት ስብ ይሁን።

ወደ «ጌም» ስንመጣ፣ እዚህ ጋ ጠንቀቅ በዪ። የኮምፒውተር ትርጉም «ጨዋታ» ሊልሽ ይችላል። እዚህ ትርጉሙ የአደን ሥጋ ነው፤ አጋዘን፣ ጥንቸል፣ የዱር ወፍ። ሩልስም በዚህ ይታወቃል። ከወፎቹ ውስጥ ግራውስ የሚባለው ቆቅን የሚመስል ነው። አደኑ የሚፈቀደው ከነሐሴ 6 ቀን ጀምሮ ነው፤ በእነሱ አቆጣጠር ኦገስት 12። ቀኗን «ግሎሪየስ ትዌልፍዝ» ይሏታል። «የተከበረችው 12ኛ ቀን» ብትዪ ስሜቱን ይይዛል ብዬ አስባለሁ።

«ብላክ ቬልቬት» ቃል በቃል «ጥቁር ከፋይ» ነው፤ እንደ እኔ እንደ እኔ በጣም ያምራል። ጊነስ የሚባለው ጥቁር ቢራና ሻምፓኝ ተቀላቅለው ነው። በ1861 የንግሥት ቪክቶሪያ ባል ልዑል አልበርት ሲሞት፣ ብሩክስ በሚባል የለንደን ክበብ ውስጥ ሻምፓኙም ሐዘን ይልበስ ተብሎ እንደተፈጠረ ይነገራል። ይህቺን ታሪክ በአንድ ዓረፍተ ነገር ብታስገቢያት፣ ጥቁርነቱ ለአንባቢ ወዲያው ይገባዋል።

ጠያቂ፦ ተባረኩ! አንድ የቀረኝ፦ «ዮርክሻየር ፑዲንግ»ስ? እሱም በእንፋሎት ነው?

ሌላ አባል፦ አይደለም፣ እሱ ምድጃ ውስጥ ነው የሚጋገረው። ዱቄት፣ እንቁላልና ወተት ተመትቶ በጋለ ስብ ላይ ይፈስሳል፤ ከዚያ ይነፋል። ድሮ የሚጠበሰው ሥጋ ሥር አስቀምጠውት ነበር የሚያበስሉት፤ የሚንጠባጠበውን ስብ እንዲቀበል። ሐና ግላስ በ1747 ባሳተመችው የምግብ መጽሐፍ ውስጥ በዚሁ ስሙ ይገኛል። ጣፋጭ አይደለም፤ ከጥብስ ሥጋና ከመረቅ ጋር ነው የሚበላው። ስለዚህ ለዚህኛው «በእንፋሎት የበሰለ» የሚለውን ማብራሪያ እንዳትደግሚው።