ድምፁ ለሚያንስ ዳይናሚክ ማይክሮፎን ተጨማሪ ማጉያ ልግዛለት ወይስ ይቅርብኝ?

ጦሳ ሥር (ደሴ) – ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። አያቴ የድሮ መንዙማዎችን በቃላቸው የያዙ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸው ሰማንያን ተሻግሯል፤ ሳይረፍድ ልቅረጻቸው ብዬ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ዕቃ ስሰበስብ ቆይቻለሁ። አሁን በእጄ ያለው ሹር ኤስኤም7ቢ ዳይናሚክ ማይክሮፎን (ያገለገለ ነው፣ ግን ደኅና ነው)፣ ሦስተኛው ትውልድ ፎከስራይት ስካርሌት 2አይ2 (ማይክሮፎኑን ከኮምፒውተር የሚያገናኘው መቅረጫ) እና ላፕቶፕ ነው።

የስካርሌቱን የጌይን (የማጉያ መጠን) ቁልፍ እስከ መጨረሻው አዙሬው እንኳ የአያቴ ድምፅ በጣም ዝቅ ብሎ ይገባል። ጮክ ባሉበት ቦታ የማየው ከዜሮ (መቅረጫው ከሚችለው ጣሪያ) በታች 29 ዴሲቤል ገደማ ነው። በኋላ በኮምፒውተሩ ከፍ ሳደርገው ከሥሩ «ሽሽሽ» የሚል ነገር አብሮ ይነሣል፤ ከዚያ ሌላ ደግሞ ወፈር ያለ «እምምም» አለ። ማይክሮፎኑን የሸጠልኝ ሰው «ይህ ዕቃ ያለ ክላውድሊፍተር አይሠራም» ብሎኛል። ክላውድሊፍተር ማለት በማይክሮፎኑና በስካርሌቱ መካከል ገመዱ ላይ የምትገባ ትንሽ የማጉያ ሳጥን ናት። ትንሽ ትባል እንጂ ዋጋዋ ትንሽ አይደለም። በእርግጥ ያለ እሷ አይሆንም? የምታውቁ እባካችሁ።

የሐይቅ ዓሣ (ሐይቅ)

ወንድሜ፣ አያትህ ከማይክሮፎኑ ምን ያህል ይርቃሉ? ላፕቶፑስ በምትቀርጽበት ሰዓት ቻርጀር ላይ ነው? እነዚህን ሳትነግረን ግዛም አትግዛም ማለት ይከብዳል።

ጦሳ ሥር

አያቴ ፍራሽ ላይ ትራስ ተደግፈው ነው የሚቀመጡት፤ ማይክሮፎኑ በማቆሚያ ከፊት ለፊታቸው ነው። አሁን በሜትር ለካሁት፤ 40 ሴንቲ ሜትር ነው። ላፕቶፑ አዎ፣ ቻርጀር ላይ ነው። ባትሪው ስለደከመ ከአርባ ደቂቃ በላይ አይቆይም።

የባቲ ሰኞ (ባቲ)

እኔ ግዛው ባይ ነኝ። ተመሳሳይ ማይክሮፎን በአንድ አሮጌ ሚክሰር ስቀርጽ ሁለት ዓመት ተሠቃይቻለሁ። ሳጥኗን ካስገባሁ በኋላ የሚክሰሩን ጌይን ከግማሽ በታች አውርጄ መሥራት ጀመርኩ፤ የሚጠበስ ዘይት የመሰለው ድምፅም ጠፋ። የምትሠራው ከሚክሰሩ በማይክሮፎኑ ገመድ በኩል በሚመጣው 48 ቮልት ኤሌክትሪክ (ፋንተም ኃይል) ስለሆነ እሱን ማብራት አትርሳ። ኃይሉን ራሷ ትጠቀምበታለች እንጂ ወደ ማይክሮፎኑ አታሳልፈውም። ለዚያ ነው ኮንደንሰር ማይክሮፎን (ፋንተም ኃይል የሚፈልገው ዓይነት) ከእሷ ጋር የማይሠራው።

ሬዲዮ ጠጋኙ (ኮምቦልቻ)

ልጄ፣ ለጊዜው ገንዘብህን ኪስህ ውስጥ አቆየው። ሻጭ ምንጊዜም የጎደለህን ያውቅልሃል።

የባቲው ወንድማችን ያለው ለእሱ ዕቃ ልክ ነው፤ ያንተ ዕቃ ግን ሌላ ነው። ኤስኤም7ቢ ደካማ ምልክት ያወጣል መባሉ ሐሰት አይደለም። አምራቹ በሰጠው መግለጫ 94 ዴሲቤል የሆነ ድምፅ ሲያርፍበት የሚያወጣው 1.12 ሚሊቮልት ነው። በየመስጊዱና በየሠርጉ ድንኳን የምታየው ኤስኤም58 ለዚያው ድምፅ 1.85 ሚሊቮልት ያወጣል፤ በዴሲቤል አራት ተኩል ያህል ይበልጠዋል። ኮንደንሰሩ ሮድ ኤንቲ1ኤ ደግሞ 25 ሚሊቮልት ይሰጣል፤ ካንተው ጋር 27 ዴሲቤል ይበላለጣሉ። አሁን የሳጥኖቹን ቁጥር ተመልከት፤ ክላውድሊፍተር የሚጨምረው እስከ 25 ዴሲቤል፣ ፌትሄድ የሚባለው 27 ነው። ሥራቸው ዳይናሚኩን ከኮንደንሰር ትከሻ ማድረስ ነው፤ ከዚያ ያለፈ ተአምር የላቸውም።

የስካርሌትህ ጌይን 56 ዴሲቤል ስፋት አለው። እስከ መጨረሻው ስትከፍተው −47 ዲቢዩ (የኤሌክትሪክ ምልክት ጥንካሬ መለኪያ ነው) የሆነ ምልክት ሲደርሰው ጢም ይላል። የማይክሮፎንህ 1.12 ሚሊቮልት በዚሁ መለኪያ −57 ገደማ ነው። እንግዲህ 94 ዴሲቤል የሚደርስ ድምፅ ቢያገኝ መቅረጫህ ከዜሮ በታች 10 ላይ ያሳይህ ነበር፤ ለቀረጻ ከበቂ በላይ ነው። አንተ ያየኸው 29 ስለሆነ፣ አያትህ ካሉበት ተነሥቶ ማይክሮፎኑ ላይ የሚያርፈው 75 ዴሲቤል ያህል ብቻ ነው ማለት ነው። 40 ሴንቲ ሜትር ርቀው በለሆሳስ ለሚያዜሙ ሽማግሌ ይህ የሚጠበቅ ነው።

ርቀቱን በግማሽ በቀነስክ ቁጥር 6 ዴሲቤል ታገኛለህ። ከ40 ወደ 20 ስትመጣ 6፣ ወደ 10 ስትመጣ 12፣ አራት ጣት ያህል ወደሆነው 7 ሴንቲ ሜትር ስትደርስ 15 ሆኗል። ማጉያ ግን የአያትህን ድምፅና የማቀዝቀዣህን ጉርምርምታ አይለይም፤ ሁለቱንም እኩል ያነሣቸዋል። ሲቀርቡ የሚነሣው የእሳቸው ድምፅ ብቻ ነው።

የ«ሽሽሽ»ውን ነገር ደግሞ ከመፍረድህ በፊት ፈትነው። ማንኛውም ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ የምታገኘውን 150 ኦም ሬዚስተር በአንድ ወንድ የኤክስኤልአር (የማይክሮፎን ገመድ) መሰኪያ 2ኛና 3ኛ እግር መካከል አስበይድ። የኤስኤም7ቢ ኢምፒዳንስም (የኤሌክትሪክ መቋቋሙ) 150 ኦም ስለሆነ ስካርሌቱ ማይክሮፎን የተሰካበት ይመስለዋል፤ ጆሮ የሌለው ማይክሮፎን። ፋንተሙን አጥፍተህ፣ ጌይኑን እስከ መጨረሻው ከፍተህ አንድ ደቂቃ ቅረጽ። ቀጥሎ ማይክሮፎኑን መልሰህ፣ ማንም ሳይናገር፣ በዚያው ጌይን ሌላ አንድ ደቂቃ ቅረጽ። የሁለቱ ጫጫታ እኩል ከሆነ ጥፋቱ የዕቃው ነው፤ ሳጥኗ ትረዳህ ይሆናል። ማይክሮፎኑ የተሰካበት በብዙ የሚበልጥ ከሆነ የምትሰማው የቤትህን ድምፅ ነውና ሳጥን አይፈውሰውም።

እኔ ሁለተኛው ነው ብዬ እገምታለሁ። አንድ 150 ኦም ሬዚስተር ራሱ በሙቀት ብቻ የሚያመነጨው ጫጫታ −131 ዲቢዩ አካባቢ ነው፤ ከዚያ በታች የሚወርድ ማጉያ አይኖርም። የስካርሌትህ −128 ተብሎ ተጽፏል። የአለካኩ ዓይነት ጥቂት ዴሲቤል ቢያወዛውዘውም፣ ሳጥኗ የምታሻሽልልህ ቦታ በጣም ጠባብ ነው። በአሮጌ ሚክሰር ወይም ጌይኑ 40 ዴሲቤል ላይ በሚያልቅ ርካሽ ዕቃ ቢሆን ኖሮ እኔም ግዛ እልህ ነበር።

ሌላም ልጨምር። በ24 ቢት የምትቀርጽ ከሆነ ዝቅ ብሎ መግባቱ ብቻውን ጉዳት አይደለም፤ በኋላ ከፍ ብታደርገው ምንም አይጎድልበትም። መጠበቅ ያለብህ በድምፁና በጫጫታው መካከል ያለውን ርቀት ነው። ብዙ ሰው መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ካልቦገገ የቀረጸ አይመስለውም።

የሐይቅ ዓሣ

ጋሼ ሁሉን ጨረሱት። እኔ ስለ «እምምም»ው ብቻ ልናገር፤ ቻርጀሩን የጠየቅኩህ ለዚያ ነበር። መሬት የሌለው ቻርጀር ካለህ የ50 ኸርዙ መብራት በዩኤስቢው በኩል ወደ ስካርሌቱ ይገባል። ቻርጀሩን ንቀለውና አዳምጥ፤ ወዲያው ከጠፋ ምክንያቱን አገኘህ። እኔ ብዙውን ጊዜ የምቀርጸው መብራት ሲጠፋ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ጸጥ ይላል፤ ማቀዝቀዣም የለ፣ የጎረቤት ቴሌቪዥንም የለ። እንዲህ ዓይነት ስቱዲዮ በገንዘብ አይገኝም።

ወልድያ ነኝ (ወልድያ)

እኔ መጻሕፍትን በድምፅ እቀርጻለሁ፤ ማይክሮፎኔም ይኸው ኤስኤም7ቢ ነው። ሳጥኗም አለችኝ፤ የገዛኋት ግን ለበፊቱ ዕቃዬ ነበር። አዲስ መቅረጫ ካገኘሁ ወዲህ መሳቢያ ውስጥ ናት፤ ከእሷ ጋርና ያለ እሷ ቀርጬ ለባለቤቴ አሰማሁት፣ ሊለይ አልቻለም። (እሱ የቡናን አቦልና በረካም አይለይም፤ ስለዚህ እኔም ራሴ ሰምቻለሁ፣ አልለየሁም።)

ማይክሮፎኑን ሲጠጉት ድምፁ ወፍራም ይሆናል፤ ጀርባው ላይ ዝቅተኛውን ድምፅ የሚቀንስ ማብሪያ ማጥፊያ አለ፣ እሱን ሞክረው። ከአያትህ ጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ ሁለት ጋቢ ስቀል። የቆርቆሮ ጣራ ካላችሁ ደግሞ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ጨርስ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ማይክሮፎንም ማጉያም አያድንህም፤ እኔ ሐምሌንና ነሐሴን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነሥቼ ነው የምሠራው።

ገና ያልገዛ ሰው ይህን የሚያነብ ከሆነ፣ ሹር በ2023 ኤስኤም7ዲቢ የሚባል አውጥቷል። ማጉያው ውስጡ አለ፤ 18 ወይም 28 ዴሲቤል ይጨምራል። ሲያጠፉት እንደ ተራው ኤስኤም7ቢ ይሆናል። ሲያበሩት 48 ቮልት ይፈልጋል።

የባቲ ሰኞ

የጋሼን ስሌት አልከራከርም። ነገር ግን አንድ ነገር ተዘነጋ፤ የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ «አባባ፣ አራት ጣት ይጠጉ» ቢባሉ ለአንድ ስንኝ ይጠጉና ወደ ትራሳቸው ይመለሳሉ። በሐድራ ላይ ደግሞ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ይወዛወዛል እንጂ ማይክሮፎን አይጠብቅም። ለእንዲህ ያለ ቀረጻ ማጉያ ያስፈልጋል የምለው ለዚህ ነው። አንድ የምፈራው ድቤ አብሮ ከተመታ ሳጥኗ ምልክቱን እንዳታቆራርጠው ነው።

ሬዲዮ ጠጋኙ

ስለ ድቤው አትሥጋ። ድቤ ማይክሮፎኑ ላይ 120 ዴሲቤል ቢያርፍ እንኳ ከኤስኤም7ቢ የሚወጣው −31 ዲቢዩ ነው፤ ሳጥኗ 25 ብትጨምርበት −6 ይሆናል። ስካርሌቱ ጌይኑ ሲዘጋ +9 ድረስ ይቀበላል። ጌይኑን ማውረድ ብቻ ነው። ግን ራስህ ተመልከተው፤ ድቤ ባለበት ሳጥኗ ጭራሽ ምን ትሠራለች?

ስለ ሽማግሌው ግን እውነትህን ነው። እኔ ቁጥር ስደምር ሰውየውን ረሳኋቸው። ቢሆንም ሲርቁ የሚገባው የቤቱ ድምፅ ነውና ማጉያውም አይጠቅማቸውም። ማይክሮፎኑ ወደ እሳቸው የሚሄድበት ዘዴ ነው የሚፈለገው።

የባቲ ሰኞ

እንዲያ ከሆነ በእጃቸው ይስጧቸዋ! ጋሼ ራስዎ ቅድም ኤስኤም58 አራት ዴሲቤል ተኩል ይበልጣል ብለዋል። ከመስጊድ አንድ ተዋሱና ያስጨብጧቸው፤ ስፖንጅ ከላዩ ይደረግበት፣ ትንፋሻቸው እንዳይመታው።

ጦሳ ሥር

ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ። ውጤቱን ይዤ መጣሁ።

መጀመሪያ ሬዚስተሩን ፒያሳ አካባቢ ካለ ጠጋኝ አስበየድኩ፤ ምን ሊሠራልኝ እንደሆነ ሲሰማ ገንዘቡን አልቀበልም አለ። በሬዚስተሩ የተቀረጸው ጫጫታ ከዜሮ በታች 80 ነው። ማይክሮፎኑ ተሰክቶ፣ ቤቱ «ጸጥ» ብሎ ሳለ ደግሞ 66! በመካከላቸው 14 ዴሲቤል አለ። ስካርሌቱን በከንቱ ስወቅሰው ኖሬአለሁ። ማቀዝቀዣውን ነቅዬ ወደ መንገድ ያለውን መስኮት በብርድ ልብስ ስሸፍነው ወደ 73 ወረደ። የ«እምምም»ው ምክንያት ቻርጀሩ ነው፤ ስነቅለው በዚያው ቅጽበት ጠፋ። አርባ ደቂቃ የሚቆየው ባትሪ ለአንድ መንዙማ ይበቃኛል፣ በየመሃሉ ቡና እየጠጣን እሞላዋለሁ።

ከዚያ እኔው ራሴ አያቴ በሚያዜሙበት መጠን እያዜምኩ አራት ጣት ቀረብኩ፤ 29 የነበረው 14 ሆነ። ጋሼ 15 ዴሲቤል ያሉት አልተዛነፈም።

አያቴ ግን የባቲው ወንድሜ እንዳለው ናቸው። ሁለት ጊዜ ማቆሚያውን አስጠግቼላቸው ሁለቴም «ይህ ነገር ዓይኔን ሊወጋኝ ነው» ብለው ገፉት። ትናንት 58ቱን ከሰፈራችን መስጊድ ተውሼ በእጃቸው ሰጠኋቸው። ምንም ሳልነግራቸው አንዴ በጣታቸው መታ መታ አደረጉትና ከንፈራቸው ሥር ለጥፈው ጀመሩ። ለካ በየመውሊዱ ስንት ሌሊት ይዘውት አድረዋል! ጌይኑን እኔ ነኝ ሮጬ ዐሥር ዴሲቤል ያህል የቀነስኩት።

እስካሁን አራት መንዙማ ተቀርጿል። ኤስኤም7ቢውን ለመግቢያው ንባብ ለራሴ አስቀርቼዋለሁ። ሬዚስተር ያለበትን መሰኪያ መሞከር የምትፈልጉ ደሴ ያላችሁ ብትኖሩ አውሳችኋለሁ፤ መመለስ ግን አትርሱ።